መውረድ የተከለከለበት አገር

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ትቀያየማላችሁ። ብቻ ገደል የበዛበት፣ ነፋሱ የማያርፍ፣ ሰዉ ጨዋና ታዛዥ የሆነ አገር ነበር በሉ። በዚያ አገር «ወረደ» የሚባል ቃል አይነገርም። «መውረድ» አይባልም፣ «ውረድ» አይባልም፤ «ይውረድ» ማለትማ ጭራሽ አይታሰብም።

ነገሩ የጀመረው በአሁኑ ንጉሥ አያት ዘመን ነው። የዚያ አገር ሰው ከቀርከሃና ከፍየል ቆዳ ትልቅ ክንፍ እየሠራ፣ ከገደል አፋፍ እየተነሣ፣ ድንበሩን ከሰማይ ላይ ሆኖ መጠበቅ ከጀመረ ቆይቷል። አያት ንጉሥም መብረር ይወዱ ነበርና አንድ የበዓል ቀን ራሳቸው በክንፉ ተነሡ። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ እያያቸው ሁለት ጊዜ ዞሩ። በሦስተኛው ነፋሱ በረታ። ከታች ገመድ የሚይዘው ሰው ተጨነቀና «ኧረ ይውረዱ! ንጉሥ ሆይ፣ ይውረዱ!» ብሎ ጮኸ። ከጎኑ የነበረው ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ ያለውም ተቀበለው። ጥቂት ቆይቶ አደባባዩ በሙሉ «ይውረዱ! ይውረዱ!» ይል ጀመር። የፊተኞቹ የጮኹት ስለ ነፋሱ ነው። የኋለኞቹ ስለ ምን እንደጮኹ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ድምፃቸው ከፊተኞቹ ይበልጥ ነበር ይባላል።

ንጉሡ በደኅና መሬት ረገጡ። በማግሥቱ ቃሉ ተከለከለ።

ቃል መከልከል ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። የቃል ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ሊቀ ቃል የሚባል ሹም ተሾመለት። ዝናብ «መጣ» እንጂ ሌላ እንዳይባል ተደነገገ። ሹማምንት የቤተ መንግሥቱን ደረጃ ጨርሰው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው የኋሊት እንዲራመዱ ታዘዘ፤ ይህም «የኋሊት መውጣት» ተባለ። በዚህ አወጣጥ ተንከባሎ ጥርሱን ያጣ ሹም ብዙ ነው፣ ቅሬታ ያቀረበ ግን አልተገኘም። ቃሉ አምልጦት የተናገረ ሰው አደባባዩ መካከል ባለው ረጅም ምሰሶ ላይ ይቀመጣል። ስንት ቀን እንደሚቀመጥ ተጽፏል። ቀኑ ሲያልቅ ምን ተብሎ እንደሚታዘዝ ግን ሊጻፍ አልቻለም፤ ስለዚህ ጠባቂዎቹ ፊታቸውን ዞር ያደርጉለትና በገዛ ራሱ ተንሸራትቶ ይሄዳል።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩ የጠናው በጦር ሠራዊቱ ላይ ነው። ሠራዊቱ ሁለት ቤት ነበረው። የላይ ቤት የበራሪዎች ነው፤ ነጭ ካባ ይለብሳሉ፣ ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው ይነሣላቸዋል። የታች ቤት የገመደኞች ነው፤ እነሱ ሲያልፉ የሚነሣ የለም፣ ራሳቸውም አይጠብቁም። የላይ ቤት ተማሪ የሚማርበት መጽሐፍ ስምንት ምዕራፍ አለው። እንዴት እንደሚነሡ፣ እንዴት እንደሚዞሩ፣ አገጭን እንዴት ቀና እንደሚያደርጉ፣ እግርን እንዴት ቀጥ አድርገው እንደሚዘረጉ ሁሉ በሰባቱ አለ። ስምንተኛው ባዶ ገጽ ነው። መምህሩ እዚያ ሲደርሱ ተማሪው በሙሉ ተነሥቶ በዝምታ ይቆማል፤ ከዚያ መጽሐፉ ይታጠፍና ትምህርቱ አለቀ ይባላል።

ታዲያ በራሪው እንዴት ይመለሳል ትሉኝ ይሆናል። ከክንፉ ሥር የተጠቀለለውን ገመድ ይለቃል። ዐሥራ ሁለት ገመደኞች ሮጠው ይይዙታል፤ ነፋሱን እያዩ አንዴ እያላሉ፣ አንዴ እያጠበቁ፣ ወደ ሜዳው ይስቡታል። በመዝገብ ግን «መሬት ከፍ ብላ ተቀበለችው» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

በዚህ አገር ትብለጥ የምትባል ልጅ ነበረች፤ የመሰላል ሠሪው የአያልነህ ልጅ። መውጣት ብቻ በሚታወቅበት አገር መሰላል ሠሪ የተከበረ ነው። አያልነህ ግን ይህ ክብር አልበቃው ብሎ፣ ከቤቱ አንድ ነጭ ካባ ለባሽ እንዲገኝ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። ትብለጥ ክብደቷ ቀላል፣ ዓይኗ ሩቅ የሚያይ፣ ከፍታ የማያዞራት ነበረችና ለፈተና ስትቀርብ አንደኛ ወጣች። አባቷ ያንኑ ዕለት ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ከእሱ ጋር ለዓመታት የማይነጋገሩ ሁለት ጎረቤቶችን ሳይቀር አንኳኩቶ ነገራቸው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። የተመረጠ ወጣት አርባ ቀን ይሰጠዋል። ሃያውን በላይ ቤት፣ ሃያውን በታች ቤት ያሳልፍና በምርጫ ቀን የሚገባበትን ቤት ራሱ ይናገራል። የታች ቤቱ ሃያ ቀን ለወጉ ያህል ነው፤ የላይ ቤት የተቀበለው ሰው ገመድ ሲመርጥ የታየበት ጊዜ የለም።

ትብለጥ በሃያኛው ቀን በረረች። ስለዚህ በረራ ብዙ ባወራ ደስ ባለኝ ነበር፤ እሷ ግን እስክትሞት ድረስ ለማንም በሙሉ አልተናገረችውም። ገደሉ ከእግሯ ሥር ሸሸ፤ ወንዙ ቀጠነ፤ ነፋሱ ደረቷን ተሸክሞ ያዛት። ሳቀች፣ ብቻዋን ሆና ጮክ ብላ ሳቀች። ኋላ መመለስ መጣ። አገጯን ቀና፣ እግሯን ቀጥ አድርጋ ሰማይ ሰማይ ስታይ፣ ከሥሯ ያለው መሬት ምን ያህል እንደቀረባት እንደማታውቅ ድንገት ገባት። ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ገመዱን ለቀቀችና ዓይኗን ጨፈነች። ክንፉ ተወዘወዘ፣ ተጎተተ። ከዚያ ሁለት ሻካራ እጆች ብብቷ ሥር ገብተው ያዟት።

ዓይኗን ስትከፍት ፊት ለፊቷ የነበሩት የገመደኞች አለቃ ጋሽ ድልነሳ ናቸው፤ ሽበት የወረሳቸው፣ ትከሻ ሰፊ ሽማግሌ።

«ማነው የያዘኝ?» አለቻቸው።

«መሬት ናታ» አሉ ጋሽ ድልነሳ። «ከፍ ብላ ተቀበለችሽ። ካላመንሽ ሄደሽ መዝገቡን እዪ።»

«መሬት ጺም አላት እንዴ?»

«አርጅታለች ልጄ፣ ምን ታድርግ» አሉና እየሳቁ ገመዱን ሊጠቀልሉ ሄዱ።

በሚቀጥለው ቀን የታች ቤት ገባች። መዳፏ ተላጠ፤ ቅቤ ቀቡላት፣ እንደገና ተላጠ። ነፋስን ከሣሩ አስተኛኘት ማንበብ አስተማሯት። ዐሥራ ሁለቱ ሲጎትቱ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰማ እንደሚጎትት አየች። ሲያበስሉ ይጨቃጨቃሉ፣ ሲተኙ ያንኮራፋሉ፣ ክንፍ ከደመና ብቅ ሲል ግን አንድ ሰው ይሆናሉ። ስምንት ቀን እንዳለፈ ከእነሱ ጋር መብላት እንደሚጣፍጣት ተሰማት። ይህን ለራሷም ማመን ከበዳት።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አንለይ የሚባል ወጣት በራሪ ተሰበረ። አንለይ የእሷ እኩያ፣ መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቅ ሸጋ ልጅ ነው። እንደ ታዘዘው አገጩን ቀና አድርጎ፣ እግሩን እንደ ምሰሶ ገትሮ መጣ፤ ሜዳው ላይ ሲያርፍ ቀኝ እግሩ ጷ ብሎ ሲሰበር ትብለጥ ገመዱን ይዛ ቆማ ሰማችው።

«ጉልበቱን ቢያጥፍ እኮ ምንም አይሆንም ነበር» አሉ ጋሽ ድልነሳ፣ በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ።

«ታዲያ ለምን አትነግሯቸውም?»

«ምን ብዬ? ልትወ...» ብለው ጀመሩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ዝም በይ አንቺ ልጅ! ምሰሶ ላይ ልታወጪኝ ነው?»

የእግሩ መሰበር በመዝገብ «መሬት ቸኩላ ተነሣችበት» ተብሎ ተጻፈ። እንዲህ ከተጻፈ ደግሞ መሬት ትከሰሳለች። በሦስተኛው ቀን ሊቀ ቃል እንግዳሸት ከጸሐፊዎቻቸው ጋር ሜዳው ድረስ መጡ። ቀጭን፣ ጥንቁቅ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። ወንበራቸው ሜዳው ላይ ተዘረጋላቸው፤ መሬትን ሦስት ጊዜ «ምን ትመልሻለሽ?» ብለው ጠየቋት። ሦስቱንም ጊዜ ዝም አለች። ዝምታዋ እንደ ንቀት ተቆጠረና ሠላሳ ጅራፍ ተፈረደባት። አንድ ወታደር ወጥቶ ሜዳውን ሠላሳ ጊዜ ገረፈው፤ አቧራው ተነሥቶ ሊቀ ቃሉን አስነጠሳቸው፤ ይህም ለብቻው ተመዘገበ። ከጅራፉ ሌላ የሦስት ቀን ምሰሶ ተጨምሮባት ነበር። መሬት ምሰሶ ላይ መቀመጥ ስለማይሆንላት፣ በሜዳው አለቅነታቸው ዋሷ የሆኑት ጋሽ ድልነሳ ወጡላት።

ትብለጥ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ በረጅም እንጨት አቀበለቻቸው።

«ደህና ኖት ጋሼ?»

«አየሩ ጥሩ ነው!» አሉ ከላይ። «አታስቢ፣ ሰባተኛዬ ነው። ነፋሱን አጠናበታለሁ።»

ቀልዳቸው ነው። እሷን ግን አላሳቃትም። እዚያው ከምሰሶው ሥር ቆማ ሳለች የምትገባበትን ቤት ወሰነች። የቀረው ለአባቷ መንገር ነው፤ እሱ ደግሞ ከምሰሶው ይልቅ ያስፈራት ነበር።

አያልነህን በመላጊያው እንጨት ሲልግ አገኘችው።

«አባዬ፣ የታች ቤት ልግባ ብልህ ምን ትለኛለህ?»

መላጊያው ቆመ። «ጣሉሽ እንዴ?»

«አልጣሉኝም። አሁንም አንደኛ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ነካሽ? መብረሩን ጠላሽው?»

«እወደዋለሁ» አለች። «እንደዚያ ደስ የሚለኝ ነገር ከእንግዲህ ላላገኝ እችላለሁ። ግን አባዬ፣ እዚያ ሆኜ ከታች የሚይዘኝ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አይቻለሁ፤ በራሪው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ አውቃለሁ። ከታች ከሆንኩ የሚሰበር ሰው ይቀንሳል።»

«እኔ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ! ለእነዚያ ለሁለቱ እንኳ!»

«አውቃለሁ።»

አያልነህ መላጊያውን አነሣ፣ ደግሞ አስቀመጠው። «ለእናትሽ እኔ አልነግራትም» አለ በመጨረሻ። «አንቺው ንገሪያት።» አያልነህን የሚያውቅ ሰው ይህ ፈቃድ መሆኑን ያውቃል። ቢሆንም አኩርፏል፤ እስከ ምርጫው ቀን ድረስ አላናገራትም።

የምርጫው ቀን ሕዝቡ አደባባይ ሞላ። ሊቀ ቃል እንግዳሸት ትልቁን መዝገብ ከፍተው ተቀመጡ። ወጣቶቹ በየተራ እየቀረቡ «የላይ ቤት» አሉ፤ ከበሮ ተመታላቸው። ትብለጥ ቀረበች።

«የትኛው ቤት?»

«የታች ቤት፣ ጌታዬ።»

ከበሮ መቺው ግማሽ መትቶ ቆመ። ሊቀ ቃሉ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ተሳስተሻል። አንቺ እኮ ላይ ነሽ። ከላይ ወደ ታች የሄደ ሰው ደግሞ...» ብለው ጀመሩና ብዕራቸው አየር ላይ ቀረ። ከላይ ወደ ታች የሄደ ሰው ምን ሆነ ይባላል? ቃሉ አንድ ነው፤ እሱም የለም። ጸሐፊዎቹ ተሰበሰቡ። «ተዛወረች» እንበል አለ አንዱ፤ ወዴት ተብሎ ቢጠየቅስ አለ ሌላው። «የኋሊት ወጣች» ያለም ነበር፤ ያ ግን ለሹማምንት ብቻ የተፈቀደ ክብር ነው ተብሎ ቀረ። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ።

ሊቀ ቃሉ ላባቸውን ጠረጉ። «ሊጻፍ የማይችል ነገር ሊሆን አይችልም» አሉ። «ወይ የላይ ቤት በይ፣ ወይ ሳትጻፊ ቅሪ።»

ሳይጻፉ መቅረት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ያልተጻፈ ሰው መሬት አያርስም፣ አያገባም፣ ቢከሱት መልስ አይሰጥም፣ ቢሞት የሚቀብረው አያገኝም። ትብለጥ ዞር ስትል አባቷን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። ከንፈሩ «ላይ በይ፣ ላይ በይ» ይላል፤ ከፍርሃት እንጂ ከትዕቢት አልነበረም። ላይ ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ይህን አልደብቃችሁም። ዓይኗ ግን በተከፈተው መዝገብ ላይ አረፈ፤ ከገጹ ግርጌ የገዛ ስሟን አየችው።

«ጌታዬ፣ እዚያ ላይ ስለ እኔ ምን ይላል?»

ሊቀ ቃሉ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «ትብለጥ አያልነህ፤ መሬት ከፍ ብላ ተቀበለቻት።»

«መሬት ተቀብላኛለች ማለት ነው?»

«መዝገብ አይዋሽም።»

«ከዚያ በኋላ መለሰችኝ የሚል አለ?»

ሊቀ ቃሉ አንድ ገጽ ገለጡ። ሌላም ገለጡ። ጸሐፊዎቹ አንገታቸውን አስግገው ፈለጉ። የለም። ቀስ በቀስ የሊቀ ቃሉ ፊት በራ። አንድን ሹም ደስ ከሚሉት ነገሮች ሁሉ የበለጠ ደስ የሚለው፣ ምንም ሳይጽፍ የሚያልቅ ጉዳይ ነውና።

«እንግዲያው ከሃያ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ የታች ቤት ሰው ነሽ!» ብለው ተቆጧት። «ለምን ጊዜያችንን ታባክኛለሽ? ቀጣይ!»

በዚህ አነጋገር የአገሩ በራሪዎች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በዚያች ደቂቃ የታች ቤት ሰዎች ሆነው ነበር። ይህን ያስተዋሉት ጋሽ ድልነሳ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ትብለጥ ገመዷን ይዛ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያ ሳምንት ዝም ብላ አየች። በራሪው አገጩን ቀና ስለሚያደርግ ከታች የሚውለበለብ ጨርቅ አያይም፤ ይህን ታውቃለች። ጆሮው ግን ክፍት ነው፤ ይህንንም ታውቃለች። ችግሩ የሚጮኸው ቃል ነው። በዚያ አገር የትም ሆኖ፣ ምን እየሠራም ቢሆን፣ ሰው ሰምቶ ሁለት ጉልበቱን የሚያጥፍለት አንድ ትእዛዝ አለ። ክንፉ ከሣሩ የአንድ ሰው ቁመት ሲቀረው ትብለጥ ምልክት ትሰጣለች፣ ዐሥራ ሁለቱም በአንድ አፍ ይጮኻሉ፦

«ለንጉሥ እጅ ንሣ!»

በራሪው ሳያስበው ጉልበቱን ያጥፋል፤ እግሩም ይተርፋል።

ሊቀ ቃል እንግዳሸት ይህን ሰምተው መጡ። «በዚያች ሰዓት ለምን?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ድልነሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ጌታዬ፣ ሰው ከሰማይ ሲመለስ አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው ንጉሡን መስሎን ነው» አሉ። ሊቀ ቃሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያን ዓመት አንድም እግር አልተሰበረም። በመዝገቡም «መሬት ከተገረፈች ወዲህ ሥርዓት ተማረች» ተብሎ ተጻፈ።

ትብለጥ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ በንዴት ጦፈች፤ ኋላ ከጓደኞቿ ጋር እስኪያማት ሳቀች። መሬቱ ላይ ደስ ብሏት ነበር። አልፎ አልፎ ክንፍ ከአፋፍ ሲነሣ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ይነሣባታል፤ ያንን ዝም ብላ ታሳልፈዋለች።

በዓመቱ በዓል አንለይ እግሩ ድኖ እንደገና በረረ። አያልነህ ባለፈው ዓመት መሰላል የሸጠላቸው ሰዎች መካከል ቆሞ ያያል። ከልጁ ከትብለጥ ጋር ታርቋል፤ ለጎረቤቶቹ ግን ስለ ሥራዋ ሲጠየቅ አሁንም «ከበራሪዎች ጋር ነች» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ነፋሱ ከባድ ነበር። ገመዱ ሁለት ጊዜ ከእጃቸው ሊያመልጥ ሞከረ። ትብለጥ ሣሩን አየች፣ ጠበቀች፣ ምልክቱን ሰጠች። ጩኸቱ ተሰማ፤ አንለይ ጉልበቱን አጥፎ አረፈ። አደባባዩ በእልልታ ተናወጠ።

ሮጣ ከክንፉ ሥር ገባችና ቀበቶውን ያዘችው። ሰውነቱ በሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያ የተሰበረ እግሩ አልቆምለት ብሏል። ነጩን ካባ በትከሻዋ ላይ አደረገና ተደገፋት።

«አትልቀቂኝ» አላት፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ሰው እያየ ነው።»

«አልለቅህም። ተንፍስ።»

ከሩቅ ለሚያይ፣ በራሪው አንዲት ገመደኛ በካባው አልብሶ አቅፎ ያከበራት ይመስላል። እንዲህ ሲሆን ታይቶ አይታወቅምና ሰዉ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። ሌላውም ተነሣ። የተነሡት ለአንለይ ይሁን ለትብለጥ አላውቅም፤ እነሱም የለዩት አይመስለኝም። ትብለጥ የእግሩ መንቀጥቀጥ በእግሯ በኩል እያለፈ ወደ መሬት ሲገባ፣ ቀስ በቀስ ሲቀንስ፣ ሲቆም ተሰማት።

ወደ ቤት ሲመለሱ አያልነህ ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው።

«ሲይዝሽ አየሁት» አላት። «ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ አጥብቆ ያዘሽ!»

ትብለጥ የተላጠ መዳፏን በአባቷ ክንድ ላይ አደረገች። «አጥብቆ ያዘኝ፣ አባዬ» አለችው።